ምትክ ዱላ

«ክቡራትና ክቡራን የቡድናችን አባላት! አንጋፋው ዱላችን በዛሬው ዕለት፣ በሊባን እጅ እንዳለ ከወገቡ ተሰብሮ ማረፉን የምገልጽላችሁ በታላቅ ሐዘን ነው።»

አሠልጣኙ ጋሽ ፍቅሩ ባርኔጣውን አወለቀ። የሳቀ የለም። ሊባን ዱላውን የሰበረው የተጋጣሚውን የፍስሐን ጣት አልሞ ሲሰነዝር መሆኑን ሁሉም አይቷል።

የነገሌ ወጣቶች የዱላ ጭፈራ ቡድን የተቋቋመው የወታደር ካምፕ ልጆችና የከተማው ልጆች ድንጋይ መወራወሩን ትተው እንዲፋቀሩ ነው። ድንጋዩን እንኳ ትተዋል። አሁን እግራቸው ላይ ቃጭል አስረው፣ ከበሮ እየተመታላቸው፣ ፊት ለፊት ተሰልፈው በዱላ ይፋቀራሉ። ታላላቆቻቸውም እንዲሁ ተፋቅረው ጣታቸው ጎብጦ ቀርቷል። ሕዝቡ ያጨበጭባል።

«የሰበረ ይተካል» አለ ጋሽ ፍቅሩ። «አለዚያ ነገ ያቤሎ ሄዶ መጨፈር የለም!»

ሊባን ከነገሌ ወጥቶ አያውቅም።

«ምን ችግር አለው?» አለ የሃምሳ አለቃው ልጅ ፍስሐ፣ የተላጠ ጣቱን እየነፋ። «እናቱ ቀጥ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ ዱላ አላት። ይዛው ስትሄድ አይቻለሁ። እሱን ያምጣዋ!»

ያ ዱላ ሲንቄ ነው፤ ያገባች ሴት ስትይዘው በፊቱ መጣላት ነውር የሆነበት የኦሮሞ በትር። ለሊባን እናት ለጉያቱ በሠርጓ ቀን የተሰጣት፤ ከመኝታዋ ራስጌ አይጠፋም። አምና ሁለት ጎረቤቶች በውሃ ተጣልተው ገጀራ ሲማዘዙ፣ ይህንኑ ይዛ መሃላቸው ቆመች። ሁለቱም ገጀራቸውን ጣሉ። ሊባን በአጥር ቀዳዳ ያይ ነበር።

ቤት ደርሶ እጁን ወደ ሲንቄው ሲዘረጋ ከኋላው የእናቱን ድምፅ ሰማ።

«ማሊፍ? ለምን ፈለግኸው?»

«ለጭፈራ ነው፣ አዮ።»

«ልትማቱበት?»

«ጭፈራ ነው አልኩሽ!»

«እኔ ይዤው መሃል የምገባው ሰው ሲጣላ ለማስጣል ነው። አንተ ልትጣላበት ከሆነ፣ እንካ!»

አንስታ ደረቱ ላይ አስደገፈችለትና ጀርባዋን ሰጠችው። ሊባን ሲንቄውን ወደ ራስጌዋ መለሰው።

ወደ መለማመጃው ሜዳ ሲመለስ እጁ ባዶ ነበር።

«የታለ?» አለ ፍስሐ።

ሊባን ጎንበስ ብሎ ቃጭሉን ከቁርጭምጭሚቱ ፈታና ጋሽ ፍቅሩ እግር ሥር አስቀመጠው።

«አይዞህ! እማዬ ከለከለችህ እንዴ?» አለ ፍስሐ።

«አልከለከለችኝም።»

«ታዲያ ያቤሎስ? ልትቀር ነው?» አለ ጋሽ ፍቅሩ። አሁን የቀልድ ድምፁ ጠፍቷል። «ቢያንስ ምክንያቱን ንገረን እንጂ።»

«አልናገርም» አለ ሊባን።