የግራው እጅጌ

ኦቦ ገቢሳ ከአልጋቸው አጠገብ በጀርባቸው ተዘርግተው ነበር። ቡናማው ጃኬት የገባው በቀኝ እጃቸው ብቻ ነው፤ የግራው እጅጌ ባዶውን ሲሚንቶው ላይ ወድቋል። የብረት አልጋው ማዕዘን ላይ ደም ደርቋል።

ሊሊሴ ደጃፉ ላይ ቆማ መግባት አቃታት። ስድስት ዓመት ሙሉ በሆስፒታል የተሃድሶ ክፍል ስትሠራ ሬሳ አይታለች። ዛሬ ያስቆማት ሌላ ነገር ነው። ራስጌው ላይ ያለው ስልክ «የጠዋት ልምምድ፦ ጃኬትዎን ያለ ረዳት ይልበሱ» የሚል መልእክት እንዳሳየ ነው። መልእክቱን የጻፈችው እሷ ናት።

«ግቢ እንጂ» አለች ኢንስፔክተር ሸዋገነት ከውስጥ። ሃምሳ ሊሞላት የተቃረበ፣ ወላጆቿ ከወሎ መጥተው ነቀምቴ የሰፈሩ፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። «አስጠርቼ ደጅ አላቆምሽም። አንቺ ነሽ ሐኪማቸው?»

«ሐኪም አይደለሁም። ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ነበርኩ።»

«በእኔ ቋንቋ ንገሪኝ።»

«ስትሮክ ያደከመው ሰው እንደገና መልበስ፣ መጉረስ፣ መታጠብ እንዲለምድ የማሠለጥን ነበርኩ። ካቆምኩ ስምንት ወር ሆነኝ። አሁን የምሠራው የስልክ ፕሮግራም የሚያዘጋጅ ድርጅት ውስጥ ነው። ሕመምተኛው እጁ ላይ መከታተያ ያስራል፤ እኔ ቢሮ ሆኜ እንቅስቃሴውን አያለሁ፣ ልምምዱን እጽፋለሁ፤ ፕሮግራሙ ቁጥሩን እያየ ይልክለታል።»

ሆስፒታሉን ስትለቅ ባልደረቦቿ ከፊሉ ቀንተውባታል፣ ከፊሉ ታዝበዋታል። እሷ ግን በቀን ስምንት ሰው እያነሳች ወገቧ አልቆ ነበር። ደግሞም ከሲሬና ከቢላ ገጠር ሕመምተኛ በጀርባ ታዝሎ ሲመጣ አይታ፣ እቤቱ እያለ ልርዳው ማለቷ ከልቧ ነው። አሁን ግን የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሳላያቸው ገደልኳቸው ይሆን?

ከጓሮ የዱረቲ ልቅሶ ይሰማል። ኦቦ ገቢሳን የምታስታምመው የእህታቸው ልጅ ናት። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ለጸሎት ቤተ ክርስቲያን ሄዳ፣ ሁለት ሰዓት ስትመለስ ነው ወድቀው ያገኘቻቸው። ሊሊሴን በመስኮት ስታይ ተነሣች።

«በስልክ ገደልሽብኝ ኤሱማን፣ አጎቴን! ብቻዎን ይልበሱ ያልሽው አንቺ ነሽ! አንድ ቀን እንኳ መጥተሽ አይተሻቸዋል?»

 ሊሊሴ ካየቻቸው ሦስት ወር አልፏል።

ኢንስፔክተሯ የታተመ ወረቀት ዘረጋችላት። «አለቃሽ አቶ ዋጋሪ ነው የሰጠኝ። አንብቢው።»

ወረቀቱ ላይ የዛሬው ቀን አለ። አንድ ሰዓት ከሃያ፣ የመልበስ ልምምድ ተጀመረ። የግራ እጅ ስምንት ጊዜ ከራስ በላይ ተነሣ። ከዚያ እንቅስቃሴው ተቋረጠ። ከሥር «ክትትሉን ያረጋገጠችው» ይልና የሊሊሴ ስም ይከተላል።

ወረቀቱን መለሰችላት። «እኔ ይህን አላረጋገጥኩም።»

«አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ የት ነበርሽ?»

«ቤቴ። ብቻዬን።»

«ምስክር?»

«የለኝም።»

ኢንስፔክተሯ ወረቀቱን አጥፋ ያዘችው። ወዲያው ግን የማይገናኝ የሚመስል ነገር ጠየቀች። «ከገባሽ ጀምሮ ፊታቸውን አንዴ ነው ያየሽው። ጃኬቱን ግን አምስት ጊዜ። ምን አለበት?»

ሊሊሴ ራሷም አላወቀችም ነበር። ጎንበስ ብላ ተመለከተች። «ተገላቢጦሽ ነው» አለች ቀስ ብላ። «የደከመው ግራ እጃቸው ነው። የደከመው እጅ መጀመሪያ ይገባል፣ ጤነኛው ይከተላል። ሲያወልቁ ደግሞ ጤነኛው ቀድሞ ይወጣል፣ የደከመው መጨረሻ። ሌላ መንገድ የለም፤ አይቻልም። እየለበሱም ይሁን እያወለቁ ግማሽ ላይ ቢወድቁ፣ ጃኬቱ መገኘት ያለበት በግራ እጃቸው ላይ ነው።»

«አሁን ያለው በቀኝ ነው።»

«አዎ።»

«እንግዲያው አልለበሱትም። አልብሰዋቸዋል።» ኢንስፔክተሯ ይህን ያለችው ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ነው። ሊሊሴ ግን ከሬሳው አንድ እርምጃ ሸሸች። አንድ ሰው እዚህ ሲሚንቶ ላይ ተንበርክኮ የወደቁ ሽማግሌ አልብሷል።

«ይህን ማን ያውቃል? የደከመው እጅ ቀድሞ እንደሚገባ?»

«እኔ። ዱረቲም ታውቃለች፤ ራሴ ነኝ ያሠለጠንኳት። ቢሮ ያሉት ግን ሥልጠናው ላይ አልነበሩም።»

ኢንስፔክተሯ ወንበር ሳበችላት። «ተቀመጪ፣ እህቴ። አሁን የደበቅሽኝን ንገሪኝ። ስልካቸው ትናንት በአሥር ሰዓት ወደ አንቺ ደውሏል፤ ስድስት ደቂቃ አውርታችኋል።»

ሊሊሴ ተቀመጠች። ብትናገር ሥራዋ አለቀ፤ ባትናገር ደግሞ ስሟ ያለበት ወረቀት ፖሊስ እጅ ውስጥ ነው። የኦቦ ገቢሳን ባዶ እጅጌ አየችና ተናገረች።

«የሒሳብ መምህር ነበሩ። ስልካቸው ላይ ያለውን ግራፍ አይተው ደወሉልኝ። ‹ሊሊሴ ኮ፣ ልጄ፣ ይህ ሰውዬ እኔ አይደለሁም› አሉኝ። ‹እጁ ከራሱ በላይ ይወጣል። የእኔ ደረቴ ላይ አልደረሰም። ቁጥሬን ማን አሳደገው? ረቡዕ ፕሮጀክቱን ሊያዩ የሚመጡት ገንዘብ ሰጪ እንግዶች ቤቴ ሲገቡ አሳያቸዋለሁ› አሉ።»

«አንቺስ?»

«ስህተት ይሆናል፣ አጣራለሁ አልኳቸው። ከዚያ...» ወረቀቱን አየች። «ለዋጋሪ ነገርኩት። አለቃዬ ነው። ለሱ መንገር ሥራዬ ነው።»

ኢንስፔክተር ሸዋገነት ወደ ራስጌው ዞረች። ከአልጋው አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ትንሽ ሳህን አነሣች፤ አንዲት ነጭ ኪኒን አለችበት። ወደ ጓሮ ተጣራች። «ዱረቲ! ይቺ የምንድን ናት?»

«የደም ግፊት» አለች ዱረቲ እንባዋን እየጠረገች። «ስወጣ አስቀምጣለሁ። አንድ ሰዓት ላይ ስልኩ ይጮሃል፣ ይውጧታል። ደቂቃ አያሳልፉም። እኔን እንኳ ‹ሰዓት አክብሪ› እያሉ...» መጨረስ አልቻለችም።

«ዛሬ ግን አልዋጧትም» አለች ኢንስፔክተሯ።

በአሥር ሰዓት ኢንስፔክተሯ የጠራቻቸው አራት ሰዎች ሳሎን ውስጥ ተሰበሰቡ። ዱረቲ ጥቁር ለብሳ ጥግ ይዛለች። ገመቺስ፣ ፕሮግራሙን የሠራው ወጣት፣ ጫማው ጭቃ እንደያዘ ነው። ሁለት ቀን ቢላ አንድ ሕመምተኛ ቤት መሣሪያ ሲተክል ሰንብቶ የተመለሰው ቀትር ላይ ነው፤ ያሳደሩት ሰዎችም መስክረውለታል። ዋጋሪ ከሁሉም ቀድሞ ደርሶ ለቀስተኞቹን አንድ በአንድ አጽናንቷል። በር ላይ አንድ ፖሊስ ቆሟል።

«ማንም እንዲወቀስ አልፈልግም» አለ ዋጋሪ በለሰለሰ ድምፅ። «ሊሊሴ ጎበዝ ልጅ ናት። ግን ሕመምተኛውን ሳያዩ ልምምድ ማክበድ... በቃ፣ ስህተት ነው። ሰው ይሳሳታል።»

ሊሊሴ የወንበሩን ጠርዝ ጨበጠች። በሩ ላይ ያለው ፖሊስ እሷን የሚጠብቅ መሰላት።

«አንድ ነገር ልይና እንሄዳለን» አለች ኢንስፔክተሯ፤ አንድ አሮጌ ኮት ከቦርሳዋ አወጣች። «ሊሊሴ፣ ግራ እጅሽን እንደሳቸው ልቀቂው። እናንተ ተራ በተራ አልብሷት። ዱረቲ።»

ዱረቲ ሳታስብ፣ እያለቀሰች፣ የሊሊሴን ግራ ክንድ ከሥሩ ደግፋ እጅጌው ውስጥ አስገባችው፤ ቀኙ ተከተለ።

ገመቺስ ኮቱን ይዞ ቆመ። «የታመመው የቱ ነበር?» አለና አፈረ። ስለ ኦቦ ገቢሳ የሚያውቀው ቁጥራቸውን ብቻ ነው።

ዋጋሪ ፈገግ አለ። «ልጆች እናጫውት እንዴ?» ኮቱን ተቀብሎ ፈጥኖ የሊሊሴን ቀኝ እጅ አስገባ። ከዚያ ግራውን ለማስገባት ቢታገል እጇ አልታጠፍ አለው። ኮቱ በአንድ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ዱረቲ ያንን አይታ አፏን በእጇ ያዘች።

«ተወው» አለች ኢንስፔክተሯ። «ጠዋትም እዚህ ላይ ነው የተውከው።»

«ምን ማለትሽ ነው? ገመቺስም አያውቀውም!»

«አያውቀውም። ያ ብቻውን ማንንም ገዳይ አያደርግም፤ የሚነግረኝ ዱረቲና ሊሊሴ እንዳላለበሷቸው ነው። ስለዚህ ወደ ሰዓቱ እንሂድ። ወረቀቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ በሕይወት ነበሩ ይላል። ሳህኑ ደግሞ አንድ ሰዓት ሳይሞላ አልፈዋል ይላል፤ ኪኒኗ አልተነካችም። እኔ ሳህኑን አመንኩ። ሳህኑን የነካው ሰው የለም፣ ወረቀቱን ግን ሰው ነው የሞላው። ገመቺስ፣ ያገኘኸውን ንገራቸው።»

ገመቺስ ዋጋሪን ላለማየት ወለሉን እያየ ተናገረ። «ከመከታተያው የመጣ መረጃ አይደለም። በእጅ የተጻፈ ነው፤ በሊሊሴ የይለፍ ቃል፣ ከቢሮው ኮምፒውተር። የተጻፈው... አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ አምስት ላይ ነው።»

«አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ የሆነውን አሥራ ሁለት ከሃምሳ አምስት ላይ ጻፈው» አለች ኢንስፔክተሯ። «የሚሆነውን ቀድሞ የሚያውቅ ጸሐፊ! ለምን ቸኮለ? አቶ ዋጋሪ፣ ከአንድ ሰዓት ከሩብ እስከ ሁለት ተኩል ምን ላይ ነበርክ?»

«ነግሬሻለሁ። ከአዲስ አበባ ሰዎች ጋር በቪዲዮ ስብሰባ። አሥር ሰው አይቶኛል።»

«ለዚህ ነው የቸኮለው። አንድ ሰዓት ከሃያ የሚጠቅመው ያን ሰዓት በአሥር ሰው ፊት ለሚቀመጥ ሰው ነው። ሊሊሴ ብትሆን ምስክር የሌላትን ሰዓት መርጣ ስሟን አትጽፍበትም። ገመቺስ ቢላ ነበር። የይለፍ ቃሏን ደግሞ የመጀመሪያ ቀን የሰጠሃት አንተ ነህ፤ እሷም እንዳለ ተጠቀመችበት።»

ሊሊሴ ዓይኗን ጨፈነች። ልቀይረው ብላ ስንት ጊዜ አስባ ነበር።

«አንድ ነገር እጨምራለሁ። ስምንት ጊዜ ከራስ በላይ! ያን እጅ አንዴ ይዞ የሚያውቅ ሰው ይህን አይጽፍም። ጃኬቱን ያለበሰውና ቁጥሩን የጻፈው አንድ ሰው ነው። ኦቦ ገቢሳን በግራፍ እንጂ በአካል አያውቃቸውም። ቁጥራቸውን ለእንግዶቹ ብሎ ሲያሳድግ የከረመውም እሱ ነው። የቢሮህ ዘበኛ አንድ ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ከዚህ ሰፈር በኩል እያለከለክህ መግባትህን ነግሮኛል። ለእኔ ግን ከቤቴ መጣሁ ነው ያልከኝ።»

ዋጋሪ ወደ በሩ አየ። ፖሊሱ አልተነቃነቀም።

«ስልኩን ይስጡኝ ነው ያልኳቸው» አለ በመጨረሻ። «ግራፉን ፎቶ አንስተውት ነበር። በቀኝ እጃቸው ጨብጠው አለቅም አሉ። ሳብኩት... ወደቁ። በቃ፣ ወደቁ።»

«ስታለብሳቸው ይተነፍሱ ነበር?»

ዋጋሪ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። 

«ይተነፍሱ ነበር ወይ?» አለች ዱረቲ ተነሥታ። ኢንስፔክተሯ ናት የያዘቻት።

ዋጋሪን ከወሰዱት በኋላ ሊሊሴ ነፃ ነሽ ተባለች። ፍርሃቱ ግን ቦታ ቀየረ እንጂ አልሄደም። የገመቺስን ኮምፒውተር ከፍታ የሌሎቹን ሕመምተኞች ግራፍ አንድ በአንድ አየች። አሥራ አንድ ሰዎች። የሁሉም ወደ ላይ ይወጣል፣ የሁሉም ያምራል። ፕሮግራሙም ቁጥሩን አምኖ ልምምዱን አክብዶባቸዋል።

«ሁሉንም ዘጋሁት» አለ ገመቺስ። «ግን ቀድሞ የደረሳቸው መልእክት ከስልካቸው አይጠፋም።»

ሁለቱም መደወል ጀመሩ። አሥሩ አነሡ። አሥሩም አትነሱ፣ ጠብቁን ተባሉ። የሲሬዋ አሮጊት አዴ ቦንቱ ብቻ አያነሡም። ብቻቸውን ናቸው የሚኖሩት፤ የምሽቱ ልምምዳቸው «ያለ ምርኩዝ እስከ በሩ ይራመዱ» ይላል።

ሊሊሴ ሚኒባስ ላይ ስትወጣ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። መንገዱን ሙሉ ደወለች። ረዳቱ «እህቴ፣ ስልኩ ደከመው እኮ!» ብሎ ቀለደ፤ ፊቷን ሲያይ ወደ ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ዞረ።

ሲሬ ወርዳ በጥያቄ ቤቱን አገኘችው። በሩ ተዘግቷል። አንኳኳች፤ ምንም የለም። እንደገና አንኳኳች። 

«ኤኙ? ማነው?» አለ ከውስጥ ደካማ ድምፅ፤ አልጋ ሲንቋቋ ተሰማ።

«አዴ ቦንቱ፣ አይነሡ! ሊሊሴ ነኝ። እንዳሉ ይቀመጡ።»

መቀርቀሪያው ላልቶ ነበር፤ በትከሻዋ ገፍታ ገባች። አሮጊቷ አልጋው ጫፍ ላይ ነበሩ፤ ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ ትተው አንድ እግራቸውን ወለሉ ላይ አሳርፈዋል። ሊሊሴ በሁለት እርምጃ ደርሳ ተንበረከከችና የደከመውን ክንዳቸውን ከሥሩ ያዘችው። ክንዱ ቀላል ነበር፤ ደግሞም ሞቃት።