ያልተዋጠው ከርከዴ

ንጉሡን የሚጫወተው አያሌው ጽዋውን ጨልጦ፣ ዘውዱን እንደጫነ አረፋ ደፍቆ ሲወድቅ፣ በስልክ የሚያዩት ሦስት ሺህ ሰዎች የጭብጨባ ምልክት አዘነቡ። ዕለቱ ዓርብ፣ ቦታውም ጀሪፍ በሚባለው የስደተኞች ሰፈር ያለው የማኅበር አዳራሽ ነበር። የድሮውን የንጉሥ ተውኔት በላይቭ እያሳዩ፣ ንጉሡ በመጨረሻ ምን ይናዘዝ የሚለውን ተመልካቹ በኮሜንት እንዲመርጥ አድርገው ነበር። ምን ያደርጋል! ሰውየው ከምር ሞተ።

የሻሽወርቅ ከጎረቤት ሰፈር ከቡሪ ተጠራች። አገር ቤት ሳለች መርማሪ ፖሊስ ነበረች፤ እዚህ ልብስ ሰፊ ናት፤ የተዋንያኑንም ካባ የሰፋችው እሷው ናት። ስትገባ ሬሳው ነጠላ ለብሷል፤ ንግሥቷን የምትጫወተው ለምለም ከጥጓ ተነሥታ እጇን ያዘቻት።

«እትዬ የሻሽ፣ ፖሊስ ተጠርቷል፤ ሹርጣ እየመጣ ነው። ኢቃማ የለኝም። ወረቀት የሌላትን ማን ያምናል?»

«ጽዋውን ማን ቀዳው?»

«እኔ» አለ አሳላፊውን የሚጫወተው ቃለአብ። «እንደ ወጉ በመዳፌ አፍስሼ ቀመስኩ። ቀይዋን የከርከዴ መጠጥ እስከ ጠብታዋ ዋጥኳት፤ ይኸው አለሁ! ከዚያ ለምለም ተቀብላኝ ሰጠችው። መርዙ የገባው ከኔ በኋላ ነዋ!»

ሁሉም ዞሮ ለምለምን አየ። ልጅቷ ለሹርጣ ከተሰጠች ማን ያወጣታል?

ላይቩ የሚተላለፍበት ስልክ ከማቆሚያው አልወረደም፤ ላይቩንም የዘጋው የለም። የሻሽወርቅ ኮሜንቱን ወደ ኋላ እየሳበች አነበበች። ሳቅ፣ ልብ፣ አድናቆት። በመሃሉ ሬሕማ የምትባል የደሴ ሴት፣ «ኧረ አሳላፊው አልዋጠም!» ብላ ጽፋለች። ማን ልብ ብሎት! የሻሽወርቅ አንድ ጥያቄ ጻፈችላት፤ መልሱን አነበበችና ሁሉንም ወደ መድረኩ ሰበሰበች።

«ቃለአብ፣ እጅህን አምጣ።»

የካባውን እጅጌ ገለበጠችው። ነጩ ገበር ከአንጓው እስከ ክርኑ ቀልቷል።

«ይህን ገበር ትናንት ስሰጥህ ጥጥ ይመስል ነበር። እስከ ጠብታዋ የዋጥካት ከርከዴ እዚህ ምን ትሠራለች? መርዙን የጨመርከው ስትቀዳ ነው። የቀመስክ መስለህ በእጅጌህ አፈሰስከው። ቀማሹ ከዳነ ጣት የሚቀሰረው ተቀብላ በሰጠችው ላይ ነው።»

«ለምን ብዬ እገድለዋለሁ? ወዳጄ ነው!»

«ለምለም፣ አያሌው በኑዛዜው ምን ሊል ነበር?»

«ተመልካቹ ምንም ቢመርጥ፣ ልጆችን ሊቢያ በረሃ ጥሎ የመጣውን ደላላ ስሙን እንደሚጠራ ለሁላችን ነግሮን ነበር። ማን እንደሆነ ግን አልነገረንም።»

«ሬሕማን፣ ሰው ሁሉ ንጉሡን ሲያይ አንቺ ለምን አሳላፊውን አየሽ አልኳት» አለች የሻሽወርቅ። «መልሷ ይኸውላችሁ። ‹ልጄን የወሰደው እሱ ነው። ዓይኔን እንዴት ልንቀልለት?›»

የቃለአብ ፊት አመድ መሰለ።

«ዝጉት! ያላ፣ ላይቩን ዝጉት!»

ማንም አልዘጋውም። ለምለም እንባዋን ጠርጋ ስልኩን አነሳችና ወደ ፊቱ አስጠጋችው። ከሬሕማ አዲስ ኮሜንት ወጣ፦ «ልጄን የት ጣልከው?»

ከሥሩ ሌላ እናት ጠየቀች። ከዚያም ሌላ። ሹርጣ በሩን ሲያንኳኳ ጥያቄው ገና አላለቀም ነበር።