በቀኝ የምትቆመዋ ሞተር

ኢንስፔክተር ወለተሃና ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ ካለው ግቢ ስትደርስ ሟቹ ገና ከወደቀችበት ሞተር ሥር አልወጣም፤ ገዳዩ ግን ተይዟል ተባለች። ደሟ ፈላ። ሬሳ ሳይነሳ ገዳይ የሚገኝ ከሆነ እሷን ለምን ጠሯት?

«ማንን ነው የያዛችሁት?»

«ረሻድ የሚባል ሞተር ጠጋኝ ነው» አለ አለቃዋ ኮማንደር ዋቅሹማ፣ ሥራውን እንደጨረሰ ሰው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ። «አብነት ሰፈር ነው የሚሠራው። የሞተሯን መቆሚያ በይዶ ዛሬ ቀትር ላይ አስረከበ። ሰውየው አጠገቧ ቆሞ ሲወለውላት ብየዳው ከዳ፤ ተጋደመችበት። አለቀ!»

«ማን ነገራችሁ?»

«የሟች ጓደኛ፣ ተክለኣብ የሚባል። ሞተር አዋቂ ነው። መርዶውን ልንነግረው ብንደውል ሰንጋ ተራ ቤቱ ሆኖ በስልክ ነገረን።»

«በስልክ ወሬ ሰው ታሰረ!»

«ወለተሃና፣ አትጀምሪኝ።»

እሷ ግን ጀምራ ነበር። ሟቹን አየችው። በሱፍቃድ ይባላል፤ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ከታላቅ እህቱ ከወይዘሮ ሙሉመቤትና ከባሏ ጋር አንድ ግቢ ይኖር ነበር። ሞተሯ በግራ ጎኗ ተጋድማለች። የሰውየው ግራ እግር ከሥሯ ገብቷል፤ ቀኙ ከላይዋ ቀርቷል። ጭንቅላቱ የደጃፉ ደረጃ ጥግ ላይ አርፏል። ከጀርባው ሥር አዲስ ነጭ አጎዛ በደም ርሶ አገኘች። ማንም ሳያየው ራሷ ጠቅልላ በማስረጃነት አስቀመጠችው። ከዚያ ተንበርክካ መቆሚያውን ፈለገች። በሞተሯ ቀኝ ሆድ በኩል ታጥፎ ነበር። ብየዳውን በጣቷ ዳበሰችው፤ በመዶሻ መታ መታ አድርጋ ሞከረችው። ስንጥቅ የሚባል ነገር የለበትም።

የግቢውን በር የከፈተችው እህትየው ነበረች፤ ከገበያ ስትመለስ ከውጭ ተቀርቅሮ አገኘችው። ወንድሟን ከሩቅ አይታ እሪ ስትል ጎረቤት ደግፎ ወሰዳት።

ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ የረሻድ ሚስት ኡሙልኸይር የምሳ ዕቃዋን እንደያዘች ቆማለች። ዘበኛው ምግቡን አላስገባም ብሏታል። አንዲት ጎረቤቷ ደግሞ ገና ቀኑ ሳይመሽ «የገዳይ ሚስት» ብላ ፊቷን አዙራባታለች።

«አስገባው!» ብላ ዘበኛው ላይ ጮኸች ወለተሃና። «ለእስረኛ ምግብ የሚከለክል ሕግ የት ነው ያነበብከው?»

ረሻድ የበላው አንድ ጉርሻ ብቻ ነው። ምሳ ዕቃውን ወደ ጎን ገፍቶ ይናገር ጀመር።

«ወላሂ፣ ከጋሽ በሱፍቃድ ጋር ክረምቱን ሙሉ ሞተር ስንመርጥ ነው የከረምነው። ለረጅም መንገድ የምትመች ሞተር ነበር የሚፈልገው። ረጅሟን ሞከረ፤ እግሩ መሬት አልነካም። የእሽቅድድሟን ሞከረ፤ ወገቡን አጎበጠችው። የአንዷ ወንበር ቀጭን ነው፤ ‹ይሄ ወንበር ነው ወይስ አጥር?› ብሎ ወረደ። መጨረሻ ላይ ይቺን ወደደ። ዝቅ ያለች ናት፤ ወንበሯ ሰፊ፣ መሪዋ ወደ ደረት የሚመጣ፣ ንፋስ መከላከያ ያላት።»

«መቆሚያዋን ለምን ነካህ?»

«ቀኝ ዳሌው ብረት አለበት፤ በቀኝ እግሩ መሻገር አይችልም። በቀኝ በኩል ቆሞ ግራ እግሩን ነው የሚያሻግረው። እንደ ሌሎቹ ወደ ግራ ካዘነበለች አትመቸውም። ስለዚህ መቆሚያዋን ነቅዬ በቀኝ በየድኩላት።»

«አጎዛውስ?»

ረሻድ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «የእኔ ስጦታ ነበር። በፌስታል ጠቅልዬ ዛሬ ነው ያመጣሁለት፤ ማንም አያውቅም። ወንበሯ ላይ አንጥፌለት ወጣሁ። አብነት ከደረስኩ በኋላ ደወለልኝ። ‹ልጄ፣ ተቀምጬባታለሁ፤ ተመቸችኝ› አለኝ። ሰፈሩ በሙሉ ከሱቄ ደጅ ሳልነቃነቅ አይቶኛል። ኢንስፔክተር፣ ብትፈቱኝስ ምን ይረባኛል? ከእንግዲህ በእኔ ብየዳ ማን ልጁን ያስቀምጣል? ስሜ እኮ ነው የሞተው!»

ወለተሃና የሟቹን ስልክ አስመጥታ አየችው። ጥሪው አለ። ኮማንደሩ ስልኩን ሳይከፍት ነበር ከረጢት ውስጥ የወረወረው። ያልታየውን ገዳይ ትቶ ጠጋኙን ማሰር፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው!

በማግስቱ ለቅሶ ቤት ሄደች። የሙሉመቤት ባል አቶ ገብረጊዮርጊስ ድንኳኑ ጥግ ለብቻው ተቀምጧል። አያለቅስም፤ ጥርሱን ያፋጫል።

«ሞተሯን አቃጥላታለሁ ብለው ነበር አሉ» አለችው።

«ብያለሁ! ዛሬም እላለሁ!» ሰው ዞሮ እስኪያየው ጮኸ። «የት ሊሄድባት እንደነበር ያውቃሉ? ጣርማ በርን ወርዶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ፣ የሚስቱ የፍሬሰላም መቃብር ዘንድ። ለሙት ዓመቷ። በወጣትነታቸው በሞተር ሲሄዱ ነው መኪና ከኋላ ገጭቷቸው ያመለጠው። እሷ እዚያው ቀረች፤ የሱ ዳሌ ደቀቀ። ያ መንገድ አንዷን በልቷል፣ አንተን ደግሞ አትጨምርለት ብዬ ለመንኩት። አልሰማም። ‹በራሴ ሞተር ሄጄ ካላየኋት እረፍት የለኝም› አለ።»

«አደጋው እንዴት እንደደረሰ ነግሯችኋል?»

«አንድም ቀን! ስለዚያ ዕለት ከጠየቁት ተነስቶ ይወጣል። ያየም ሰው አልነበረም፤ ገጪው ውሻ ካልሆነ በቀር!»

እሱ ራሱ ትናንት ከሰዓት የት ነበር? የእድሩ ዳኞች በሙሉ አጠገባቸው እንደነበረ መሰከሩ።

ወይዘሮ ሙሉመቤት ድምፅዋ ተዘግቷል።

«እትዬ፣ አጎዛውን አይተውት ነበር?»

«የምን አጎዛ? እኔ ፊቱን ብቻ ነው ያየሁት፣ ልጄ።»

«ተክለኣብስ ምናችሁ ነው?»

«ወንድማችን በይው። በሱፍቃድ ዳሌው ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ ጎኑ የተኛ ዘመድ ልጠይቅ ብሎ መጥቶ ነው የተዋወቁት። ከዚያ ወዲህ ከቤታችን ተለይቶ አያውቅም። እኔ ነኝ ያጎረስኩት።»

ተክለኣብ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የሚኖረው። ትከሻው ሰፊ፣ አለባበሱ ያማረ ሰው ነው፤ ግድግዳው በሞተር ፎቶ ተሞልቷል። ዓይኑ በለቅሶ አብጧል።

«ያን ብየዳ አየሁት መሰለኝ በዓይነ ኅሊናዬ» አለ። «የአብነት ጠጋኝ እጅ ምን ይታመናል?»

«ሞተሯን ስትመርጡ እርስዎም አብረው ነበሩ?»

«እንዴታ! ‹ወንበር፣ ወንበር!› እያልኩ ጨቀጨቅኩት። ለረጅም መንገድ የፊቱ ብቻ አይደለም፣ የኋላውም ሰፊ መሆን አለበት። ጠባብ ወንበር ላይ ሴት በቀሚስ፣ በጎን ተቀምጣ፣ መኪና ከኋላ ነካ ሲያደርግ ምን ትይዛለች? ፍሬሰላም ምን ያዘች? አየር!»

«ትናንት እዚያ ግቢ ሄደው ነበር?»

«ከቤቴ ንቅንቅ አላልኩም። ሞተሯን ረሻድ ከወሰዳት ወዲህ አላየኋትም።» አፍንጫውን ጠረገ። «ምስኪን! በዚያ አጎዛ ላይ ተንደላቆ ሳይሄድባት ቀረ።»

ወለተሃና ተሰናብታው ደረጃውን ወረደች። መሃል ላይ ስትደርስ እግሯ ቆመ። አጎዛ ላይ መቀመጥ የሽማግሌ ምቾት ነው፤ ሰው በለቅሶ መሃል እንዲህ ያለ ነገር ለወጉ ይናገር ይሆናል ብላ አልፋው ነበር። እዚያው ደረጃው ላይ ሬሳውን ለመረመረው ሐኪም ደወለች።

«ቀኝ ትከሻው ላይ የመገፋት ሰንበር አለ» አላት ሐኪሙ። «አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ወዲያው አልሞተም። ደሙ ቀስ ብሎ ነው ያለቀው። አንድ ሰው ቢያነሳው ኖሮ ይተርፍ ነበር።»

ይህን ስትሰማ ከንዴቷ የተነሳ ስልኩን ልትወረውረው ቃጣት።

ከቀትር በኋላ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሙሉመቤትና ባሏ ተቀምጠዋል፤ ተክለኣብ፣ ኮማንደሩ፣ እጁ በካቴና የታሰረው ረሻድና ኡሙልኸይር ቆመዋል። ሞተሯም መሃላቸው ወደ ቀኝ አዘንብላ ቆማለች።

«ጌታዬ፣ ብየዳው ከዳ ነው ያሉት?» አለች ወለተሃና ኮማንደሩን። «እንግዲህ ይክዳ!» መቆሚያውን በጫማዋ መትታ አጠፈችው። ሞተሯ ወደ ቀኝ ስትዘም ሁለት ፖሊሶች ተሯሩጠው ያዟት። «የዚህች ሞተር መቆሚያ ቢሰበር የምትወድቀው በቀኝ ነው። ያገኘናት ግን በግራ ጎኗ ተጋድማ ነው። ረሻድ ላይ የተባለው ሁሉ እዚህ ጋ አበቃ።»

ኮማንደሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሰውየው ራሱ ሚዛን ስቶ ቢሆንስ?»

«አንድ እግሩ ከሥሯ፣ አንዱ ከላይዋ ነበር፤ ስለዚህ ቆሞ ሲወለውላት አልነበረም፣ ተቀምጦባት ነበር። ግራ እግሩ ደግሞ ጤነኛው ነው። ወደ ግራ ብታዘነብል ይመክታት ነበር። የወደቀው ቀኝ ትከሻውን ስለተገፋ ነው። የገፋው ሰው ወጥቶ በሩን ከውጭ ቀርቅሯል። በሱፍቃድ ከሞተሯ ላይ ሆኖ አብነት ለነበረው ለረሻድ ደውሏል፤ ስለዚህ ሰውየው የመጣው ረሻድ ከሄደ በኋላ ነው። አቶ ገብረጊዮርጊስ ከእድሩ ጋር ነበሩ፤ ወይዘሮ ሙሉመቤት ገበያ።»

ወደ ተክለኣብ ዞረች።

«አጎዛውን ረሻድ ያመጣው በዚያው ቀትር ነው። ከሬሳው ሥር አውጥቼ የጠቀለልኩት እኔ ነኝ። እህትየው እንኳ አላየችውም። አቶ ተክለኣብ፣ ከቤቴ አልወጣሁም ያሉት እርስዎ ‹በዚያ አጎዛ ላይ› አሉኝ። የትኛው አጎዛ?»

«ሰው... ሰው ነግሮኝ ይሆናል።»

«ፍሬሰላም በጎን መቀመጧንስ ማን ነገረዎት? በሱፍቃድ ለእህቱ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ምስክር አልነበረም። የዚያን ዕለት አቀማመጧን ከኋላ ያየው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ መኪናውን የሚነዳው!» አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባል የለ? የሰውየው ጭንቅላት ወለል ብሎ ታየ። ወለተሃና አንድ እርምጃ ቀረበችውና «እርስዎ» ማለቱን እንደ ቆሻሻ ጣለችው። «አንተ ነህ! ገጭተህ ሸሸህ። ከዚያ ሆስፒታል ድረስ መጥተህ ምን እንዳስታወሰ አጣራህ። ያን ሁሉ ዘመን ማዕዱን እየቆረስክ ጠበቅከው!»

ተክለኣብ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። የተቀመጠበትን ሲያውቅ ደግሞ ዘሎ ተነሳ።

«ክፋት አልነበረብኝም» አለ። «ልክሰው ነበር የፈለግኩት። ትናንት እዚህ መጥቼ፣ ወንበሩን ሳመሰግንለት ያንኑ ነገር አፌ ላይ አመጣሁት። ዞሮ አየኝ። ‹በጎን መቀመጧን ማን ነገረህ?› አለኝ። ጮኸ። ዝም እንዲል ብቻ ነው የገፋሁት!»

«ስትሄድ ይተነፍስ ነበር?»

ተክለኣብ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ።

«መልስልኝ! ይተነፍስ ነበር?»

«ስሜን... ስሜን ይጠራ ነበር።»

ሙሉመቤት ከመቀመጫዋ ስትነሳ ማንም አላየም። ደረቱን በሁለት እጇ ትደበድበው ጀመር። «ጠርቶህ ሄድክ? ሁለተኛም ጥለህ ሄድክ? በየትኛው አፍህ ነው እጄ ላይ የበላኸው? ያጎረስኩበት እጅ ይቆረጥ!» ባሏ ሊይዛት ተነሳና መሃል መንገድ ላይ ሐሳቡን ለወጠ፤ ትምታው ብሎ ተዋት።

ተክለኣብን ሲወስዱት ኮማንደር ዋቅሹማ ከረሻድ እጅ ላይ ካቴናውን ፈታ። «በል፣ ነጻ ነህ። ወደ ቤትህ ሂድ» አለው፣ ወደ መኪናው እየዞረ።

ረሻድ አልተነቃነቀም። «ጌታዬ፣ የያዙኝ አብነት መሃል፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ነው። ገዳይ ያሉኝ ጮክ ብለው ነው። ነጻ ነህ የሚሉኝ ግን ከአጥር ውስጥ፣ በሹክሹክታ?»

«ምን ላድርግልህ ታዲያ?»

«ያሉበት ቦታ ሄደው ይበሉልኝ።»

ኮማንደሩ ታግዘኝ እንደሆነ ብሎ ወለተሃናን አያት። እሷ የግቢውን በር ወለል አድርጋ ከፈተችለት። «ቅርብ ነው ጌታዬ» አለችው። «በእግር እንሂድ።»

አብነት ሲደርሱ ሱቅ ያለው ከሱቁ፣ ብየዳ የያዘው ብየዳውን አቁሞ ወጣ። ኮማንደሩ ከረሻድ ሱቅ ደጃፍ ቆመ፤ ቆቡን አወለቀ፤ መሬት መሬት እያየ፣ ይህ ሰው ንጹሕ ነው፣ ያሰርኩት በስህተት ነው፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ አለ።

«አልተሰማም» አለች ኡሙልኸይር።

ኮማንደሩ ቀና ብሎ እንደገና፣ እስከ መንገዱ ማዶ በሚሰማ ድምፅ ተናገረ።