በቱቦው የመጣው ጥያቄ

ማክሰኞ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል።

ሰዓቱን አስቀድሜ የምነግራችሁ "ጨለማ ነው ያታለለህ" እንዳትሉኝ ነው። ጨለማ አልነበረም። ፀሐይዋ መስኮት ባልተገጠመለት ቤት እንደ ልቧ ትገባለች፤ አዲሱ ልስን ላይ አርፋ ዓይን ትወጋለች። አልጠጣሁም። አላመመኝም። አብሮኝ ሌላ ሰው ነበር። ያ ሰው ዛሬም በሕይወት አለ። ፊቴን ማየት ባይፈልግም "ውሸቱን ነው" ግን አይላችሁም።

ቤቱ የታላቅ ወንድሜ ነው።

ጋሼ ነው የምለው። ኤሌክትሪሺያን ነበር። የመብራቱን ሥራ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ኔትወርኩን ራሴ ስታገል ተማርኩት። ሥራ ስንይዝ የመብራቱን መስመር እሱ፣ የኔትወርኩን ገመድ እኔ እንዘረጋ ነበር። ባልደረቦቹ "ቴስተሩ" ይሉታል፤ ሽቦ ላይ ኤሌክትሪክ ካለ በምትበራው መፈተሻ ስም። ሁለቴ ሳይፈትሽ ምንም አይነካማ።

"ሻይ ብትሰጡት እንኳ መጀመሪያ በቴስተር ነክቶ ነው የሚጠጣው" እያሉ ይስቁበት ነበር።

"ሳቁ" ይላል እሱ። "አሥሩም ጣታችሁ ያለው እኔ ስለፈተሽኩ ነው።"

አንዲት የሙያ ቃል ልንገራችሁ። ኤሌክትሪክ የሌለበትን ሽቦ እኛ "ሙት" እንለዋለን። ያለበትን ደግሞ "ያለበት"። አንዱ ሽቦ ሊነካ ሲል ብሬከሩ፣ ማለትም መብራት ማቋረጫው፣ ጋ የቆመውን ባልደረባውን ይጠይቃል።

"ሙት ነው?"

ያኛው ብሬከሩን ያወርዳል፣ በቴስተር ያያል፣ ይመልሳል።

"ሙት ነው።"

በቃ። የሰው ነፍስ ቀኑን ሙሉ በዚህች መልስ ላይ ተንጠልጥላ ትውላለች።

ከስምንት ወር በፊት ጋሼ የራሱን ቤት መስመር ሲዘረጋ ሞተ።

እሱ ፎቅ ላይ ነበር፣ የልጆቹ መኝታ ክፍል ውስጥ። እኔ ታች፣ ደረጃው ሥር፣ ብሬከሮቹ የተደረደሩበት ቦርድ ጋ። ውጭ ሲሚንቶ ማቡኪያው ይጮሃል፤ በስልክ መደማመጥ አልቻልንም። ስለዚህ በቱቦ ነበር የምናወራው። ለኔትወርክ ገመድ ብለን የቀበርነው ቱቦ ከደረጃው ሥር ተነስቶ፣ አንድም ቦታ ሳይታጠፍ፣ ቀጥ ብሎ ልጆቹ ክፍል ይወጣል። አራት ሜትር ነው። አፍን ጠጋ አድርጎ ሹክ ማለት ይበቃል።

"ቱቦ ይሻላል" አለኝ ያን ቀን። "ኔትወርክ አይቆራረጥበትም።"

ከዚያ ጠየቀኝ።

"ሙት ነው?"

እኔ... ስልኬ ላይ የተላከልኝን ቀልድ እያነበብኩ ነበር። ብሬከሩን አልነካሁም። ቀና እንኳ አላልኩም።

"ሙት ነው" አልኩት።

"አይተኸዋል?"

"አይቼዋለሁ።"

ከዚያ በኋላ ቱቦው ዝም አለ።

ለሰው የነገርኩት ግን ሌላ ነው። "ሳይጠይቀኝ ነካው" አልኩ። ልቅሶ ላይ አልኩ። ለዘመድ አልኩ። ለሚስቱ አልኩ። ሰው አመነኝ። ሃያ ዓመት ሲጠነቀቅ የኖረ ሰው በአንድ ቀን ግድየለሽ ተብሎ ተቀበረ። ሴት ልጆቹ ሳይቀሩ "አባዬ ተቻኩሎ ነው" ማለት ለመዱ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔው እያደር ከበደኝ።

ያላመነችኝ ሚስቱ ብቻ ነበረች።

እትዬ ነው የምላት። ልብስ ሰፊ ናት። ስምንት ወር ሙሉ ቃል አልተነፈሰችልኝም። ሰኞ ዕለት ደወለች።

"ልስኑ ካለቀ ወር ሆነው። ነገ ና፣ የመብራቱንና የኔትወርኩን እቅድ ጨርስ።"

"እትዬ፣ ሌላ ባለሙያ ብትፈልጊ አይሻልም?"

"ሌላ ሰው አላስገባም። አንተ ነህ የጀመርከው።"

ዘጋችው።

"የጀመራችሁት" አላለችም። "የጀመርከው" ነው ያለችው።

በማግስቱ ስደርስ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። የልብስ ሜትሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። በእጇ የጋሼን እቅድ ይዛለች፤ በደብተር ወረቀት ላይ በእርሳስ የሳለውን። ሶኬቱ ክብ፣ የኔትወርኩ ነጥብ ሦስት ማዕዘን፣ ቦርዱ አራት ማዕዘን።

ሰላምታ አልነበረም።

በቀጥታ ቦርዱ ጋ ሄድኩ። ስምንቱንም ብሬከር አንድ በአንድ አወረድኩ። በቴስተር ነካሁ። አልበራም። ቤቱ በሙሉ ሙት ነው።

ከኋላዬ ሆና ታየኛለች።

"ዛሬስ ታያለህ" አለች።

ቴስተሩን ኪሴ ከተትኩ።

ክፍል ለክፍል መዞር ጀመርን። ለሳኞቹ ግማሹን የሶኬት ሳጥን በልስን ሸፍነውታል፤ በእቅዱ መሠረት እየለካን የተቀበረበትን መፈለግ ነበረብን። እሷ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ትለካለች፣ ቁጥር ትጠራለች፣ እኔ በጠመኔ ምልክት አደርጋለሁ።

"ሳሎን ስንት ሶኬት ይሁን?" አልኩ፣ እቅዱን ተቀብያት።

"እሱ ስንት ብሏል?"

"ስድስት።"

"እንግዲያው ምን ትጠይቀኛለህ?"

"ራውተሩ ደረጃው ሥር ቢቀመጥ ለሁሉም ክፍል እኩል ይደርሳል። ከዚያ በየክፍሉ ገመድ እንስባለን።"

"ዋይፋይ እያለ ገመድ ምን ያደርጋል?"

"ግድግዳው ወፍራም ነው። ዋይፋይ ግድግዳ አይወድም።"

"ማን ይወዳል" አለች። "ሁሉም መሹለኪያውን ነው የሚፈልገው።"

ጠመኔው እጄ ላይ ተሰበረ።

"ለስፌት ክፍልሽም አንድ ነጥብ ብናደርግ..."

"ለእኔ አታስብልኝ። ለልጆቹ አስብ። በሚቀጥለው ወር እዚህ የሚተኙት እነሱ ናቸው።"

ፎቅ ወጣን።

የልጆቹ ክፍል በር ላይ ቀጥ ብላ ቆመች።

"መቼ ነው እዚህ የገባኸው?"

"አልገባሁም።"

ታች ስንፈልግ የዋልነው ዓይነት ሳጥን እዚህ ሁሉም ተከፍቷል። ልስኑ በዙሪያው በንጽህና ተፍቋል። ወለሉ ላይ ግን ፍርፋሪ የለም። ጋሼ ያን ጊዜ የሳባቸው ሽቦዎች ጫፋቸው ተልጦ ወደ ውጭ ወጥቷል።

ከአንደኛው ሳጥን በላይ በጠመኔ ተጽፏል።

ሙት።

የ"ሙ"ን ቅጥያ እንደ አይጥ ጅራት አርዝሞ የሚስባት አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። ልብ በሉልኝ... ያ ግድግዳ የተለሰነው ሰውዬው ከተቀበረ ከሰባት ወር በኋላ ነው።

"ለሳኞቹ ይሆናሉ" አልኩ።

"ለሳኝ ከመቼ ወዲህ በእናንተ ቋንቋ ይጽፋል?"

ተንበርክኬ በቴስተር ነካሁት።

በራ።

መስኮቱ ሥር ወዳለው ሄድኩ። "ሙት" ይላል። በራ። በሩ ጋ ያለው ላይም ተጽፏል። በራ። ምንም ያልተጻፈበት አንድ ሳጥን ነበር... እሱ ብቻ አልበራም።

ስምንቱንም በእጄ አውርጄያለሁ።

"ምንድን ነው?" አለች።

"ምንም። ቴስተሩ አርጅቷል።"

"እንዲህ ነው የምትዋሸው" አለች፣ ድምጿን ሳትለውጥ። "ዓይንህ ወለል ላይ ሆኖ። ልቅሶው ላይም ወለሉን ነበር የምታየው።"

ከተንበረከክኩበት ተነሳሁ።

"በል፣ የኔትወርኩን ገመድ ሳብ።"

"እትዬ፣ ዛሬ እቅዱን ብቻ ነው..."

"አንተ ታች ሆነህ ትገፋለህ። እኔ እዚህ ሆኜ ጫፉን እቀበላለሁ። እንደዚያ ቀን።"

"እሺ። ግን ሽቦ አትንኪ። አንድም ሽቦ።"

"ለምን? ሙት ይላል እኮ።"

እግሬን እየጎተትኩ ወረድኩ። ስልኬን አየሁ። ዘጠኝ ተኩል ይላል። ኪሴ ከተትኩት።

ደረጃው ሥር ለአንድ ሰው እንኳ ይጠባል። የኔትወርክ ገመድ በካርቶን ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው፤ ሦስት መቶ አምስት ሜትር። ካርቶኑን ቀደድኩ፣ ጫፉን ቱቦው ውስጥ አስገብቼ ወደ ላይ መግፋት ጀመርኩ። አንድ ሜትር... ሁለት ሜትር...

ከቱቦው ትንፋሽ መጣ። ሞቅ ያለ።

ከዚያ ሹክሹክታ።

"ሙት ነው?"

ገመዱን መግፋት አቆምኩ።

እትዬ ናት አልኩ ለራሴ። እያሾፈችብኝ ነው። ልቤን ልትፈትን ነው። ቱቦ ድምፅ ይለውጣል፤ የሴቱን የወንድ ያስመስላል።

"እትዬ፣ ተይ" አልኩ።

"ሙት ነው?"

ቀና አልኩ።

ስምንቱም ብሬከር ወደ ላይ ተነስቷል።

ሲነሱ አልሰማሁም። ትከሻዬ አጠገብ ናቸው፤ አንዱ እንኳ ቀጭ አላለም።

ፎቅ ላይ እርምጃ ተሰማኝ። ቀስ ያለ። ወደ መስኮቱ... ወደ ሳጥኑ።

ብሬከሩን ወደ ታች ተጫንኩት። አልወርድ አለ። ቀጣዩንም። ስምንቱም እንደ ድንጋይ ቆመዋል። አፌን ቱቦው ላይ ለጠፍኩ።

"አይደለም። ሙት አይደለም። ያለበት ነው። አትንኪ፣ እጅሽን አንሺ፣ ያለበት ነው..."



እርምጃው ቆመ።

ከዚያ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። የሲሚንቶ አቧራ የበላው ጉሮሮ። ያን አጠራረግ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ከሺህ ሰው መሀል እለየዋለሁ።

"ያን ቀንስ?"

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። አፌ ግን ከቱቦው አልተላቀቀም።

"ያን ቀንም ያለበት ነበር" አልኩ። "ጠይቀኸኛል ጋሼ። ሁለቴ ጠይቀኸኛል። ሳላይ ነው የመለስኩልህ። ከዚያ ደግሞ... አልጠየቀኝም አልኩ።"

"ድገመው።"

ይህ ከቱቦው አልመጣም። ከኋላዬ ነው።

ዞርኩ። እትዬ ናት። ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛለች።

"መቼ ወረድሽ?"

"ተከትዬህ። ታች ምን እንደምትሠራ ማየት ነበረብኝ።"

"ታዲያ ፎቅ ላይ ማነው?"

ዓይኗ እኔ ላይ ብቻ ነበር።

"ሁለቴ ጠየቀህ?"

"ሁለቴ።"

"እንደ ልማዱ፣ አይተኸዋል ብሎ?"

"...አዎ።"

አላለቀሰችም። አልጮኸችም። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

"ማታ ቤት ትመጣለህ" አለች። "አሁን እንዳልከው አድርገህ ለልጆቹ ትነግራቸዋለህ። አንድ ቃል ብትቀንስ አስደግምሃለሁ።"

"እሺ እትዬ።"

ነግሬያቸዋለሁ። እሱን አልጽፍላችሁም፤ የእነሱ ነው።

እሺ ባልኩበት ቅጽበት ግን ካርቶኑ ተንኮሻኮሸ።

ገመዱ እየሄደ ነው። የሚገፋው የለም። ከካርቶኑ ይወጣል፣ ግድግዳውን ታክኮ ቱቦው ውስጥ ይገባል። በየሜትሩ ቁጥር ታትሞበታል፤ ሁለት መቶ ዘጠና... ሁለት መቶ ሰማንያ... በዓይናችን ፊት እየቀነሰ ያልፋል። አይቸኩልም። ጥሩ ባለሙያ ገመድ ሲስብ እንደዚያ ነው፤ አይቸኩልም።

እትዬ በባዶ እግሯ ረገጠችው። ከእግሯ ሥር ሾልኮ ቀጠለ።

"ልያዘው?" አልኩ።

"ተወው" አለች በሹክሹክታ። "ይውሰድ።"

መቶ... ሃምሳ... ሦስት። ጫፉ ከካርቶኑ ወጣ፣ ወለሉን ጠርጎ ሄደ፣ ቱቦው ውስጥ ገባ። ካርቶኑ ባዶውን ቀረ።

ወደ ቦርዱ ዞርኩ። ስምንቱም ወርደዋል።

"ወጥቼ አያለሁ" አለች።

"እትዬ፣ አትውጪ።"

"የባሌ ቤት ነው። የት ልሂድ?"

ወጣች። የእግሯን ዳና አንድ በአንድ ቆጠርኩ። በሩን አለፈች። ቆመች። ከዚያ በቱቦው ጠራችኝ፤ የእሷ ድምፅ ነው፣ የደከመ፣ የሴት።

"ማንም የለም።"

"ገመዱስ?"

"ገመድም የለም። ጫፉ እንኳ አልወጣም።"

ሦስት መቶ አምስት ሜትር። ቱቦው አራት ሜትር ነው።

"ባትሪህን ከታች አብራ" አለችኝ። "ውስጡን ልየው።"

ከመሣሪያ ሣጥኔ ባትሪዬን አውጥቼ በቱቦው አፍ ወደ ላይ አበራሁ።

"ይታያል?" አልኩ።

"ይታያል። ጥርት ብሎ ይታየኛል። ባዶ ነው... ምንም የለበትም።"

ባትሪውን አላነቃነቅኩም።

"ለምን አጠፋኸው?" አለች።

ባትሪው እጄ ላይ ቦግ ብሎ እየበራ ነበር።