ሦስት ማንኪያ ስልጆ

እምነት የማሰሮውን ክዳን ስታነሳ መጀመሪያ ያየችው የራሷን ፊት ነው።

ስልጆ ፊት አያሳይም። ከባቄላ ዱቄትና ከሱፍ ተሠርቶ፣ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት ለጥቂት ቀናት የሚብላላ የጾም ማባያ ነው፤ ወፍራም፣ ነጣ ያለ፣ አፍንጫ ውስጥ የሚገባ። ማንኪያ ሲያቆሙበት ይቆማል። እምነት ማንኪያውን አቆመችበት። ማንኪያው ሰጠመ።

ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። ከቆርቆሮው ምስማር ሥር አንዲት ጠብታ አበጠች፣ ረዘመች፣ ከዚያ ማሰሮው ውስጥ ጠብ አለች።

የነቀምቴ የነሐሴ ዝናብ ለሦስት ቀን በዚያች ቀዳዳ ሲገባ ቆይቷል። የማሰሮው ክዳን ዳሩ ስለተሸረፈ አላገደውም። ማሰሮውን እዚያ ያስቀመጠችው ደግሞ ራሷ ነበረች። እናቷ በርጩማ ላይ አስቀምጣው ነበር የሄደችው። በርጩማው ግን ከሶኬቱ አጠገብ ነው፤ እምነት ስልኳ ቻርጅ እየተደረገ ቁጭ ብላ ቪዲዮ ማየት ፈለገች። ማሰሮው መሬት ወረደ።

ስልኩ ጠራ። እናቷ፣ ወይዘሮ ሸዋጌጥ፣ ናት፤ ከዲጋ ነው የምትደውለው። እህቷ ወልዳ አራስ ልትጠይቅ ሄዳ የምትመለሰው ነገ ነው።

«እሙ፣ ስልጆው እንዴት ነው?»

«አለ፣ እማዬ።»

ይህ ውሸት አልነበረም። እንዲያውም በዝቷል።

«ጠዋት ጠዋት እያማሰልሽው ነው አይደል?»

«አዎ።»

ይኼኛው ነበር።

«ጎሽ የኔ ልጅ! መምሬ ሠርፀ ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ከአባትሽ ጋር ይመጣሉ። ፍልሰታ በገባ ቁጥር የኔን ስልጆ ሳይቀምሱ አያልፉም፤ ታውቂያለሽ። የነፍስ አባታችን ናቸው፣ እንዳታሳፍሪኝ። ለሰላጣው ሎሚውን መጨረሻ ላይ ጨምሪ፤ ቀድመሽ ካደረግሽው ይጠወልግብሻል።»

«እሺ።»

ስልኩ ተዘጋ። ከማሰሮው ጠብ የሚል ድምፅ መጣ።

እምነት ስትደነግጥ እጇ ሥራ ይፈልጋል። መሶብ ሙሉ እንጀራ እናቷ ትታለች፤ የቀረው ከጓሮ ነው። ቦቲ ጫማዋን አጥልቃ ወጣች። በዝናቡ ሁሉም ነገር አድጎ ነበር፤ ሰላጣው ቅጠሉን እንደ ቀሚስ ዘርግቷል፣ ካሮቱ ትከሻውን ከአፈር አውጥቷል፣ ቃሪያው በቅጠሉ ሥር ተደብቆ ተንጠልጥሏል። ቲማቲም እናቷ በላስቲክ ከከለለችው መደብ ብቻ ተረፈ፤ አምስት ነበር፣ አንዱን ቀንድ አውጣ ቀድሟታል። ቀይ ሥሩን ስትነቅል ተከትሎት የወጣው የአፈር ሽታ ትንሽ አረጋጋት።

«ያ እምነት! ማል ታቴ? ምን ሆነሽ ነው? ፊትሽ እኮ ከቀይ ሥሩ አይለይም!»

ሜቲ ነበረች። በአጥሩ ክፍተት እንደ ሁልጊዜው በጎኗ ገባች። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ጓደኛሞች ናቸው፤ ክፍተቱም ያኔ ለሁለት ሕፃን የተሠራ ነው፣ አሁን ሜቲ ስታልፍበት ሆዷን ትስባለች።

እምነት ሁሉንም ነገረቻት። ሜቲ ማድ ቤት ገብታ ማሰሮውን አየች፣ ከንፈሯን መጠጠች፣ ከዚያ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ስልጆ የምትሉት ነጭ ነው አይደል?»

«ነጣ ያለ።»

«ወፍራም?»

«በጣም።»

«ይጎመዝዛል? ይሰነፍጣል?»

«ሁለቱንም።»

«በቃ! ኢቢሳ ሆቴል ለሰላጣ የሚሠራው ነገር አለ። ልክ እንደዚያ ነው። ቆሜ አይቼዋለሁ። ዘይቱን በጠብታ በጠብታ እየጨመርሽ እጅሽ እስኪዝል መምታት ነው። አንድ ሰዓት ስጪኝ።» ኢቢሳ ወንድሟ ነው፤ ሆቴል ውስጥ ምግብ ያበስላል።

«ሜቲ፣ ጾም ነው እኮ!»

«ጾማችሁን ላስተምርሽ? ቤታችን በመጣሽ ቁጥር ‹አልበላም› ስትዪ እየሰማሁ አይደል ያደግኩት? ሥጋ የለውም። ቅቤ የለውም። ወተት የለውም። አለቀ!»

«ታዲያ ምኑ ነው የሚያወፍረው?»

«እጄ ነዋ!» አለችና በክፍተቱ ሆዷን ስባ ወጣች።

እምነት ቀይ ሥሩንና ድንቹን ቀቀለች፤ ልጣቸውን ትኩስ ሳሉ እየነፋች አነሳችና በትንንሹ ቆረጠቻቸው። ካሮቱን ከፎሶልያ ጋር በዘይት ለብ ለብ አደረገችው። ሰላጣውን በጨው ውኃ ሦስት ጊዜ አጠበች፤ በሁለተኛው አንድ ትል ወጣ፣ በሦስተኛው ምንም። ሎሚውን እንደተነገራት ለመጨረሻ አቆየች። ሜቲ በእርግጥም ባንድ ሰዓት ተመለሰች። በሳህን የያዘችው ነገር ነጭ፣ ወፍራም፣ የሚያብለጨልጭ ነበር። እምነት ማንኪያ አቆመችበት። ቆመ።

«ገለቶሚ፣ ሜቲ! አመሰግናለሁ! ሕይወቴን ነው ያተረፍሽው።»

«ክንዴን እዪው፣ አልታጠፍ ብሏል» አለች ሜቲ፣ ልብስ ላጥብ ብላ ወደ ቤቷ እየሮጠች።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ የእምነት አባት አቶ ሕሩይ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ወደ ማድ ቤት ብቅ አሉ። ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሱም።

«አባ መንገድ ላይ ናቸው። መስቀል ልሳለም የሚለው ሰው አላሳልፋቸው ብሏል። እስቲ ምን ምን ሠራሽ?» ዓይናቸው ሳህኑ ላይ አረፈ። «ቅዳሴ አልቋል አይደል? እንግዲህ እንቅመሰው።»

የመጀመሪያውን ማንኪያ ለመቅመስ ወሰዱ። ሁለተኛውን ጨው መኖሩን ለማረጋገጥ። ለሦስተኛው ምክንያት አልሰጡም።

«እናትሽ እንዲህ ለስላሳ አድርጋው አታውቅም! አንቺ ነሽ ያማሰልሽው?»

«እ… እኔ ነኝ።»

«ጎበዝ! እኔው ላቅርበው» ብለው ሳህኑን በሁለት እጃቸው እንደ ታቦት ይዘው ወደ ሳሎን ሄዱ። ወዲያው የመምሬ ሠርፀ ድምፅ ከበር ተሰማ።

በዚያው ቅጽበት ሜቲ በጓሮው በር ገባች፣ እያለከለከች።

«እምነት፣ ሁለት ዕንቁላል አበድሪኝ! ቶሎ! አዮ ዶሮ ልታስታቅፍ አሥራ ሁለት አስቀምጣ ነበር፣ አሁን ስትቆጥር አሥር ሆነባት። ቤቱን እየገለበጠችው ነው።» አዮ የምትላት እናቷን ነው።

«የት ሄደ ሁለቱ?»

ሜቲ በአገጯ ወደ ሳሎን አመለከተች። «እሱ ውስጥ ነዋ።»

እምነት ጥግ ላይ ያለውን ቅርጫት አየች። የእነሱ ዶሮዎች ፍልሰታ መግባቱን አልሰሙም፤ ስድስት ቀን ሙሉ እየጣሉ ቅርጫቱ ሞልቷል።

«ሜቲ፣ ዕንቁላል አይበላም።»

«ለምን? ሥጋ ነው እንዴ?»

«ከዶሮ ነው የሚወጣው!»

«እንዴ! ነግረሽኝ ታውቂያለሽ?»

ነግራት አታውቅም። አዴ ድርቤ፣ የሜቲ እናት፣ ዕንቁላላቸውን ለመታቀፊያ እንጂ ለእንግዳ አቅርበው ስለማያውቁ እምነትም «አልበላም» የምትልበት አጋጣሚ አልነበረም።

«ዋቃዮ! አምላኬ!» ሜቲ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። «ቄሱ!»

እምነት ሮጠች። መምሬ ሠርፀ ባርከው ጨርሰዋል፤ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው ጫፉን ወደ ነጩ ሳህን እያወረዱ ነበር።

«አባ! ይቅርታ! ጨው!» ሳህኑን ከእጃቸው ሥር ነጠቀችው። ጉርሻው ጠረጴዛውን ነካ።

«ጨውማ አለው!» አሉ አቶ ሕሩይ።

«ሌላ ጨው ነው!» ብላ ተመልሳ ማድ ቤት ገባች።

«ነጭ ሽንኩርት ላጪ» አለቻት ሜቲን። የተላጠውን ከጨው ጋር ወቀጠችው። ሁለት ቃሪያ ከትፋ ጨመረች። የሰናፍጭ ዱቄት በውኃ በጠበጠች። ዘይት፣ የሁለት ሎሚ ጭማቂ። ሁሉንም ባዶ የማር ጠርሙስ ውስጥ ከታ ክዳኑን ገጥማ ለሜቲ ሰጠቻት።

«ክንዴ እኮ…»

«ነቅንቂ!»

ሜቲ ነቀነቀች። እምነት ፈሳሹን ሰላጣውና ቲማቲሙ ላይ አፈሰሰችው። ቅጠሉ አብረቀረቀ፤ ሽታው ዓይን አስነባ። ይዛው ገባች።

«ስልጆውስ?» አሉ መምሬ ሠርፀ።

«እሱ… ሰላጣው ላይ ነው፣ አባ። ዘንድሮ ቀጠን አድርገነዋል።»

ይኼ ሁለተኛው ውሸት ነው፣ አለች በልቧ። ወይስ ሦስተኛው? መቁጠር ከበዳት።

መምሬ ሠርፀ ቀመሱ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ አፍንጫቸውን ጠረጉ፣ ከዚያ እጃቸው ሳይቆም ሰላጣው አለቀ። ቀይ ሥሩም ቀነሰ፣ ካሮቱም። እምነት ግድግዳ ተደግፋ በረጅሙ ተነፈሰች። ቄሱ ድነዋል። ማንም አላወቀም። ማሰሮውን ሌሊት ዝናብ ነው ያበላሸው ይባላል፣ ሜቲ ዕንቁላሏን ይዛ ትሄዳለች፣ ያበቃል።

ያኔ አቶ ሕሩይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መቼም መምሬ፣ ያውቃሉ፤ እኔ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አንድ ቀን ጾም ገድፌ አላውቅም።»

እምነት ታሪኩን በየዓመቱ ትሰማዋለች። ቀጥሎ ጥርሱ ይመጣል።

«ጥርሴን ስነቀል ሐኪሙ ‹ወተት ጠጣ› አለኝ። ‹ዶክተር፣› አልኩት፣ ‹ጥርሱ ይቅር እንጂ ጾሙ አይቀርም!› በገብስ አጥሚት ነው የወጣሁት። እነሆ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት! አንድ ማንኪያ!» ጣታቸውን አነሱ። «አንድ ማንኪያ እንኳ!»

ሦስት፣ አለች እምነት በልቧ።

የሚመጣውን ፍልሰታ አሰበች፤ ጥርሱ ይወራል። የዓመት በዓሉን አሰበች። የራሷን ሠርግ ሳይቀር አሰበች፤ አባቷ ማይክ ይዘው «አንድ ማንኪያ እንኳ!» ሲሉ፣ ሜቲ ከሚዜዎቹ መካከል ነጠላዋ ውስጥ ስትደበቅ።

«አባ፣» አለች። ድምፁ ሳታስበው ነው የወጣው። «አንድ ሰው ሳያውቅ ጾም ቢገድፍስ?»

መምሬ ሠርፀ ማኘካቸውን ቀጠሉ። «ማን ነው የገደፈው?»

«አንድ የማውቀው… ልጅ ነው።»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«አርባ ስድስት።»

መምሬ ሠርፀ ትን አላቸው። ውኃ ተሰጣቸው። በብርጭቆው አናት ላይ መጀመሪያ እምነትን፣ ቀጥሎ በግማሽ ክፍት በር የቆመችውን ሜቲን፣ ቀጥሎ ነጩ ሳህን ጠረጴዛው ላይ የተወውን ክብ ምልክት፣ በመጨረሻም አቶ ሕሩይን አዩ።

«አርባ ስድስት?» አሉ አቶ ሕሩይ። «በኔ ዕድሜ ነው እኮ! በዚህ ዕድሜ ምን ሲያደርግ ነው የማያውቀው?»

«ሳያውቅ ከበላ ምንም የለበትም» አሉ መምሬ ሠርፀ ቀስ ብለው። «ይነገረውና እኔ ዘንድ ይምጣ፤ ቀላል ነገር ነው። ግን ረጋ ተብሎ ይነገረው። በዚያ ዕድሜ ድንጋጤ ጥሩ አይደለም።»

«እውነት ነው» አሉ አቶ ሕሩይ፣ በሐሳብ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «ምስኪን።»

ዝናቡ ዳግም ሳይጀምር መምሬ ሠርፀ ተነሱ። እምነት መስቀል ስትሳለም «ሰናፍጩ ግሩም ነበር» አሏት፤ ሌላ ምንም አላሉም። አቶ ሕሩይ እስከ ውጭ በር ሸኟቸው።

ማድ ቤት ውስጥ ሜቲ ሁለት ዕንቁላል ከቅርጫቱ መርጣ በሻርፗ ጠቅልላ ቆማለች። ነጩ ሳህን መደርደሪያው ላይ ነበር፤ የሦስት ማንኪያ ጉድጓድ በግልጽ ይታያል።

«ድፊው» አለች ሜቲ በሹክሹክታ። «ለውሻ ስጪው። ማን ያውቃል?»

«እምነት!» የአባቷ ድምፅ ከደጅ መጣ። «ያ ወፍራሙ ስልጆ የት ገባ? አንዲት ማንኪያ ትቅረብልኝማ!»

እምነት ሳህኑን አየች። ማሰሮውን አየች። ጣሪያው ላይ አዲስ ጠብታ እያበጠ ነበር። ማሰሮውን ከሥሩ አንስታ በርጩማው ላይ፣ የነበረበት ቦታ፣ መለሰችው። ከጎኑ ሳህኑን አስቀመጠች። ከቅርጫቱም አንድ ዕንቁላል አውጥታ በሁለቱ መካከል አደረገች። ከዚያ ስልኳን ከሶኬቱ ነቅላ ወደ ዲጋ ደወለችና ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ለምንድን ነው የምትደውዪላት?» አለች ሜቲ።

«ሁለት ጊዜ መናገር አልችልም።»

«እኔ… ልሂድ?»

«ቆዪ። አንቺም አለሽበት።»

«እሺ» አለች ሜቲ። «ግን በሩ አጠገብ ነው የምቆመው።»

ስልኩ ይጠራል። አቶ ሕሩይ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ ማንኪያ ይዘው ገቡ።

«አባዬ፣» አለች እምነት፣ «ማንኪያውን አስቀምጥና ቁጭ በል። ከማሰሮው ነው የምጀምረው።»