የአራስ ቤት ጄኔሬተር

በፍልሰታ ጾም መፍቻ ዋዜማ አማኑኤል ከተማ ላይ ፀጉር አስተካካይ መሆን ቀልድ አይደለም። ገበሬው ከየገጠሩ ይመጣል፣ ተማሪው ይመጣል፣ ዓመቱን ሙሉ ማበጠሪያ ነክቶት የማያውቀው ሁሉ “ለነገ አሳምረኝ” ይላል። ዘንድሮ ደግሞ ባሰ። መብራት ከጠፋ ሰንብቷል፤ ዝናቡም ከጠዋት ጀምሮ አላባራ ብሏል።

የአንዷለም ፀጉር ቤት ከመኖሪያው ጋር የተያያዘ ነው። ከፊት ለፊት መንገዱን የሚያይ ሱቅ፣ ከኋላ አንድ ክፍል፣ በመካከላቸው ጠባብ መተላለፊያ። በኋለኛው ክፍል ባለቤቱ መቅደላዊት ከተወለደ ገና ሁለት ሳምንት ከሆነው ወንድ ልጃቸው ጋር ተኝታለች። እናቷ እማማ ሥራነሽም አራሷን ሊጠብቁ ከደብረ ኤልያስ መጥተዋል።

ጄኔሬተሩ ሌላ ጊዜ ደጅ፣ ከመንገዱ ዳር ነበር የሚቀመጠው። ዛሬ ግን ዝናቡ አላስቆም አለው። አንዷለም ጎትቶ መተላለፊያው ውስጥ አስገባውና አስነሣው። ሻጩ “ቤት ውስጥ እንዳታስነሣው” ማለቱ ትዝ ብሎታል። “መተላለፊያ ደግሞ ምን ቤት ነው? ደግሞስ ለዛሬ ብቻ አይደል!” ብሎ ራሱን አታለለ። አይ “ለዛሬ ብቻ”! ስንቱን ቤት ባዶ አድርጋለች መሰላችሁ።

ወረፋ ከሚጠብቁት መካከል የባጃጅ ሹፌሩ ሙላት ወደ መተላለፊያው በሚያስገባው በር አጠገብ ተቀምጦ ነበር። “አንዱ፣ ይሄን ነገር ደጅ ብታወጣው አይሻልም? ጭሱ እኮ ወደ ውስጥ ነው” አለው።

“ዝናቡን አታየውም እንዴ? ውሃ ገብቶበት ቢቃጠል ማን ይገዛልኛል? ደግሞ ከሰል አይደለም፣ ምን ያደርጋል ብለህ ነው።”

ከሰል በተዘጋ ቤት ሰው እንደሚገድልማ ማንም ያውቃል። ቤንዚንም ያው እንደሆነ ያሰበ ግን አልነበረም።

ትንሽ ቆይቶ እማማ ሥራነሽ በመተላለፊያው በኩል ብቅ አሉ። “አንተ ልጅ፣ መቅደላዊት ራሷን አሟታል፤ አቅለሸለሻትም። ምች ነው የመታት። ትናንት መስኮት ከፍታ ነበር፣ እንቢ ብላኝ።”

“ታዲያ ይዝጉታ፣ እማማ።”

“ዘግቼ ስንጥቁን ሁሉ በጨርቅ ወትፌዋለሁ። ነፋስ የሚባል አይገባም። አሁን ዳማከሴ አሽቼ ላስሸትታት ነው” አሉና ተመለሱ።

አንዷለም ቶንዶሱን አነሣ፤ ልቡ ግን አልተቀመጠለትም። ሕፃኑ አለቀሰ። ሄዶ ሊያይ አሰበና “ይቺን ራስ ልጨርስና” አለ። ያችን ሲጨርስ ሌላ ራስ ተቀመጠ። ሕፃኑ ለቅሶው እየቀጠነ ሄዶ ዝም አለ። “እሰይ፣ ተኛልኝ” አለ። ይበል እንጂ ጆሮው ከኋላ ቤት አልተነሣም። መቆም መቀመጥ አቃተው። የደንበኛውን ጆሮ ሊነካ ምንም አልቀረው። “ኧረ ቀስ! ለነገ ጆሮዬም ያስፈልገኛል” አለ ሰውየው።

“እኔስ ራሴን ሊፈልጠው ነው፤ እያጥወለወለኝ ነው” አለ ሙላት ግንባሩን ይዞ።

“አንተንም ምች መታህ?” ብሎ ሌላ ወረፋ ጠባቂ አሾፈበት፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ።

“ኧረ ምን ዓይነት ምች ነው ከአራስ ቤት ተነሥቶ ፀጉር ቤት ድረስ የሚመታ?” አለ ሙላት።

አንዷለም አልሳቀም። ቶንዶሱ ከእጁ ወደቀ። በሩን በረገደው። የመተላለፊያው ግለትና ጭስ ፊቱን መታው። ትንፋሹን ውጦ የኋላውን ክፍል ሲከፍት እማማ ሥራነሽ በጉልበታቸው ወድቀው የአልጋውን ጠርዝ ይዘዋል። መቅደላዊት አፏ ተከፍቷል፣ ስሟን ቢጠራት አትመልስም። ሕፃኑ ጡቷ ላይ ዝልፍልፍ ብሏል።

ሕፃኑን አፈፍ ሲያደርገው እማማ ሥራነሽ በደከመ እጃቸው ሱሪውን ያዙት። “ወዴት ልትወስደው? በዝናብ? ነፋስ ይገድልብኛል! ክርስትና እንኳ ያልተነሣ ልጅ!”

“እማማ፣ የሚገድለው ቤቱ ነው! ይልቀቁኝ!”

ሙላት ሮጦ ጄኔሬተሩን አጠፋው፤ ከሌሎቹ ጋር ሆኖም መቅደላዊትንና እናቷን አወጣቸው። ግማሽ ራሱ የተላጨው ሰውዬ ጋቢውን ገፍፎ በአራሷ ላይ ዘረጋ። አንዷለም መንገዱ መሃል ልጁን ታቅፎ ቆመ። ዝናቡ በዚያ በትንሽ ፊት ላይ ይወርዳል። ልጁ ዝም ነው። “እመቤቴ፣ ገና ስም እንኳ አላወጣሁለት! እኔን ግደይኝ!” እያለ ያለቅሳል። በመጨረሻ ሕፃኑ ተንቀጠቀጠ፣ ሳል አለና በቀጭኑ አለቀሰ። ከዚያች ድምፅ የሚጣፍጥ ነገር አንዷለም በዕድሜው ሰምቶ አያውቅም።

ሙላት በባጃጁ ጤና ጣቢያ አደረሳቸው፤ ከዚያም በአምቡላንስ ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተወሰዱ። ሐኪሟ አንዷለምን ሳትቆጣ ነገረችው፦ “በጄኔሬተር ጭስ ውስጥ የማይታይና የማይሸት መርዝ አለ። ሰው ምች ወይም ጉንፋን መታኝ ሲል ይጨርሰዋል። በር ከፈትኩ ብለህም አትመነው። ደጅ፣ ከበርና ከመስኮት ርቆ ነው የሚነሣው።”

ሦስቱም ተረፉ። መትረፍ ግን በነጻ አይደለም። መቅደላዊት ሰነባብታም ራሷን ይወቅራታል፤ የጀመረችውን ወሬ መሃል ላይ ትረሳዋለች። ያን ጊዜ አንዷለም ፊቱን ያዞራል።

የክርስትናው ቀን ደረሰ። ጄኔሬተሩ ከአጥሩ ጥግ፣ ከቤቱ ርቆ፣ ጎኑ ክፍት በሆነ የቆርቆሮ ጥላ ሥር ጭሱን ወደ ሜዳ እያስወጣ ይሠራል። አንዷለም ቤንዚን ሲጨምርም አጥፍቶ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ ነው። ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል፤ የጎደለችው ጎረቤታቸው ዓይናዲስ ብቻ ናት።

“እንዴት ትመጣለች? ያን ዕለት ጠዋት አራስ ልትጠይቅ ገብታ ‘ሲያምር!’ ብላ እትፍ እትፍ ሳትል ወጣች አሉ። የእሷ ዓይን ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?” አለች አንዷ ሴት። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

አንዷለም ሰማ። ዝም ቢል ጥፋቱ ከጫንቃው ይወርድለት ነበር፤ ለጊዜው ይህ ፈተነው። ቀድመውት የተነሡት እማማ ሥራነሽ ናቸው። “ልጆቼ፣ የሰውን ስም አታጥፉ! ማንም አልበላንም። ስንጥቁን በጨርቅ የወተፍኩት እኔ ነኝ። ነፋስ ፈርቼ ነፋስ ነሣኋቸው።”

“ጄኔሬተሩን ያስገባሁትም እኔ ነኝ” አለ አንዷለም። “ሙላት ነግሮኝ አልሰማሁም። ዓይን ብትሉት ነገ እናንተም ዝናብ መጣ ብላችሁ ታስገቡታላችሁ። ቡዳ ስትፈልጉ ልጆቻችሁ ያልቃሉ። ማሽን ይበስብስ! ሥራ ይቅር! ጄኔሬተር ቤት አይገባም።”

ይህን ብሎ ሕፃኑን ከእናቱ እቅፍ ወሰደና ወጣ። እንግዳው ሁሉ ደጅ ወጥቶ ያየው ጀመር። አንዷለም የዓይናዲስን በር አንኳኳ። ስትከፍት ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። ልጁን እዚያው ደጃፉ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ አስታቀፋት።