ቦርሳችንን እናገናኝ

ቶሌራ በዚያ ዓመት ለጉርድ ፎቶ የሚያበቃ አንድም ጉዳይ አልነበረውም። ፓስፖርት አያወጣም፤ መታወቂያው አላለፈበትም፤ ሥራ ለመቀየርም አላሰበም። ሆኖም ደመወዝ በገባ ቁጥር ዲላ መናኸሪያ አጠገብ ወዳለው ፎቶ ቤት ይሄድና ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ነጩ መጋረጃ ፊት ይቀመጥ ነበር።

ምክንያቱ ከካሜራው ኋላ የምትቆመው ሳሮን ነበረች።

ሳሮን ከዲላ በላይ ካለው ደጋ፣ ከቡሌ የመጣች ልጅ ናት። ስታተኩር የታችኛውን ከንፈሯን ትነክሳለች፤ ስትስቅ በእጇ መዳፍ አፏን ትሸፍናለች። ቶሌራ ደግሞ ከነቀምት መጥቶ ዩኒቨርሲቲው የአፈር ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ቴክኒሻን ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከአፈር ጋር ስለሚውል ሰው ፊት ሲቆም ምላሱ ይተሳሰራል።

«እዚህ እይ» ትለዋለች ሌንሱን በጣቷ እየነካች።

«እያየሁ ነው።»

«እኔን ነው የምታየው።»

«ይቅርታ።»

ከዚህ የረዘመ ወግ ኖሯቸው አያውቅም። ስልክ ቁጥሯ ግን ነበረው፤ ፎቶው ሲደርስ የምትደውልለት በራሷ ቁጥር ነው። «ሳሮን» ብሎ መዝግቦታል። አንዳንዴ ቁጥሩን ከፍቶ ያየውና መልሶ ይዘጋዋል።

ነገሩን የለወጠችው ካምፓላ የምትኖረው ታላቅ እህቱ ማርቲ ናት። «ዊዚፓ የሚባል አፕ አውርድ» አለችው አንድ ቀን። «መልእክትም፣ ክሪፕቶ የሚሉት የኢንተርኔት ገንዘብም የሚላክበት ነው። እዚህ ሁላችንም እዚያ ላይ ነን። መለማመጃ የምትሆንህ ትንሽ ነገር እልክልሃለሁ።»

ቶሌራ ከባንክ ደብተር ያለፈ ነገር ነክቶ ስለማያውቅ አብሮት የሚሠራውን አሌክስን አማከረ። አሌክስ ስለማንኛውም አፕ ሲጠየቅ ምሳውን የሚተው ሰው ነው።

በምሳ ሰዓት ላቦራቶሪው ውስጥ ተቀምጠው ጀመሩ። ስልክ ቁጥር ተሞላ። የይለፍ ቁጥር ተመረጠ። የጣት አሻራ ሲጠየቅ የቶሌራ ጣት አፈር ስለነበረበት ስልኩ አላውቅህም አለው፤ ታጥቦ ተመለሰ። ቋንቋውን አማርኛ አድርጎት ነበር። አማርኛው ግን በማሽን የተተረጎመ በመሆኑ «ተመለስ» በሚለው ፋንታ «ጀርባ» ብሎ ጽፏል።

ከዚያ አሥራ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ተደርድረው መጡ።

«ገንዘብህ አፑ ውስጥ የሚቀመጥበት ቦርሳ ይባላል፤ ቁልፉ እነዚህ ቃላት ናቸው» አለ አሌክስ። «ስልክህ ቢጠፋ በእነሱ ገንዘብህን ታወጣለህ። እነሱ ከጠፉ ግን ማንም አይደርስልህም። ወረቀት ላይ ጻፍና ደብቅ። ለማንም አታሳይ፤ ለእኔም።» ይህን ብሎ እንደ ጨዋ ፊቱን አዞረ።

ቶሌራ ጽፎ ሲጨርስ ከውጭ የአፈር ጆንያ የጫነ መኪና ጥሩምባ ነፋ። አሌክስ ሊያስወርድ ወጣ። የመጨረሻው ገጽ የመጣው ያኔ ነው። «ለመጀመር ሁሉንም ጋብዝ» የሚል ትልቅ አረንጓዴ ቁልፍ ነበረው። ከሥሩ ደግሞ ጉንዳን በምታክል ግራጫ ፊደል «ዝለል» ይላል። ቶሌራ አረንጓዴውን ነካ።

ስልኩ ተንቀጠቀጠ። እንደ ሞቀ ድንጋይ እጁ ላይ ጋለ። ጥቂት ቆይቶ «ካርድዎ አልቋል» አለና ዝም አለ።

አሌክስ ተመልሶ ሲያይ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። አፑ ስልኩ ውስጥ ላሉ ሰዎች በፊደል ተራ አጭር መልእክት ይልክ ነበር፤ መልእክቱም ይህ ነበር፦

«ውዴ፣ እኔ እዚህ ገብቻለሁ፤ ያላንቺ ግን ባዶ ነው። ቦርሳችንን እናገናኝ። ቁልፍሽን ለማንም አትስጪ። እጠብቅሻለሁ።»

ከሥሩ አንድ ሰማያዊ የሊንክ መስመር አለ።

«ይሄ ለወንድም እንዲህ ብሎ ነው የሚሄደው?» አለ ቶሌራ በደከመ ድምፅ።

«ማሽን ነው። ሰው ሁሉ ሴት ይመስለዋል።» አሌክስ ስክሪኑን ወደ ታች ጎተተው። «“በ” ላይ ስትደርስ ካርድህ አልቋል። እኔ “አ” ስለሆንኩ ተርፌአለሁ።»

የመጀመሪያውን መልስ የሰጡት በስልኩ «መሰለች አከራይ» ብሎ የመዘገባቸው የቤት አከራዩ እትዬ መሰለች ናቸው። ቶሌራ ቤት ሲገባ ነጠላቸውን አጣፍተው በረንዳው ላይ ጠበቁት።

«ልጄ፣ የጻፍክልኝን ከልጆቼ ጋር ሆነን አነበብነው» አሉት። «ብቸኝነት ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። እኔ ግን ላንተ እናት ነኝ። ቁልፍ ያልከውም፣ የግቢውን ሰጥቼሃለሁ፤ ሌላ ቁልፍ የለኝም።»

ቶሌራ ሊያስረዳቸው ሞከረ። አፕ፣ ቦርሳ፣ ማሽን አለ። እትዬ መሰለች በሐዘኔታ አዳመጡትና እሑድ በጸሎት እንደሚያስቡት ነገሩት።

በማግስቱ የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ሰብስቤ ቢሯቸው አስጠሩትና በሩን ዘጉ። እሳቸው በስልኩ «ሰብስቤ አለቃ» ተብለው ነው የተመዘገቡት።

«“ቦርሳችንን እናገናኝ” ስትል ጉቦ ነው የምትለኝ፣ ወይስ የሽርክና ንግድ?»

«ሁለቱም አይደለም ዶክተር።»

«“ውዴ” የሚለውንስ በምን ልመድበው?»

ቶሌራ ከቢሮው ላብ በላብ ሆኖ ሲወጣ ስልኩ ጮኸ። ከሳሮን ነበር። «ቁልፌን ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። ነገ ከሥራ ስወጣ ጠብቀኝ።»

ደጋግሞ አነበበው። ደስ ከማለቱ ጽሑፉ የእሱ አለመሆኑ ትዝ አለው።

«ንገራት» አለው አሌክስ።

«እነግራታለሁ።»

«መቼ?»

«ከጠበቅኋት በኋላ።»

ጠበቃት። አንድ ጁስ ቤት ገብተው አቮካዶ አዘዙ። ሳሮን ማንኪያዋን እያዞረች «እኔ እኮ ዝም ያልክ ሰው ትመስለኝ ነበር» አለችው። «“ያላንቺ ባዶ ነው” ያልከውን ሳነብ ማተሚያው ላይ ወረቀት ተጣብቆብኝ ቀረ። ከሥሩ የላክህልኝን መዝሙርም ልሰማው ብዬ ነበር፤ ኔትወርኩ እምቢ አለኝ።»

ቶሌራ ሊንኩን መዝሙር ማለቷን ሲሰማ አፉን ከፈተ። ዓይኗን አየ። አፉን ዘጋ።

ከዚያ በኋላ በየምሽቱ ከመናኸሪያው እስከ ሰፈሯ ይሸኛት ጀመር። ያላሰበው ነገር ሆነ፤ ማውራት ቻለ። ስለ ነቀምት ዝናብ ነገራት። የቡሌና የአሪቻ ገበሬዎችን አፈር ዓይኑን ጨፍኖ በማሽተት ብቻ እንደሚለይ ነገራት። እሷም አቁማው ከመንገዱ ዳር አፈር ቆንጥራ አሸተተችው፤ «የዲላ» ሲላት ሳቀች። የሚነግራት እውነት በበዛ መጠን ያልነገራት አንዱ እየከበደ ሄደ።

ሁለት ሳምንት እንዳለፈ፣ ስለ ሳሮን የነገራት ማርቲ በዊዚፓ ጻፈችለት፦ «ልጅቷን እዚህ አስገባትና ሰላም ልበላት።» ሳሮን መልእክቱን ከትከሻው በላይ አነበበችው።

«አስገባኝ» አለች።

«ቆይ፣ ሌላ ቀን ይሻላል።»

«ለምን? እህትህ እየጠበቀችኝ አይደል?»

ጁስ ቤቱ ውስጥ ስልኳን አወጣች። «አንተ እንዳትነካ። ንገረኝ ብቻ፤ እኔ እያንዳንዱን አነባለሁ።» እውነትም አነበበች። ቶሌራ ሳያይ ያለፈውን የጉንዳን ፊደል ሁሉ ከንፈሯን ነክሳ አነበበች። ቃላቱ ጋ ስትደርስ ስልኩ «ማንም እንዳያይ ያረጋግጡ» አላት።

«ዙር» አለችው።

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እስክሪብቶዋ ወረቀቱ ላይ ሲንሸራተት ይሰማዋል።

«ጨረስኩ።»

አልዞረም።

«ጨርሻለሁ እኮ።»

«ሰምቻለሁ» አለ ግድግዳውን እያየ። ቀጥሎ የሚመጣውን ገጽ ያውቀዋል።

የጁስ ማሽኑ በዚያች ቅጽበት ቆመ። ከዚያ ሳሮን ቀስ ብላ፣ እንደ ተማሪ ፊደል እየቆጠረች፣ ከግብዣው ገጽ ላይ አነበበች። «ውዴ፣ እኔ እዚህ ገብቻለሁ፤ ያላንቺ ግን ባዶ ነው…»

ቶሌራ ዞረ።

«ለስንት ሰው ነው የሄደው?»

«እስከ “በ” ድረስ።»

«ምን?»

«በፊደል ተራ ነው። “በ” ላይ ካርዴ አለቀ።»

«ስሜ ዘውድነሽ ቢሆን ኖሮ አይደርሰኝም ነበር ማለት ነው።»

መዋሸት ይችል ነበር። «አዎ» አለ።

«ከዚያ ውስጥ ያንተ የሆነች አንዲት ቃል አለች?»

«የለችም።»

ሳሮን ወረቀቷን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ጁሷን ወደ እሱ ገፋ አድርጋለት ወጣች። አልተቆጣችም፤ ያስፈራውም እሱ ነው።

ስልክ አላነሳችለትም። ፎቶ ቤት ሲሄድ ቀና ሳትል «ጉርድ ነው ፖስትካርድ?» አለችው።

«ሳሮን…»

«መብራት የለም። ሌላ ቀን ተመለስ።»

ሁሉም አምፖሎች ከራሱ በላይ በርተው ነበር።

በዚያው ሳምንት ዶክተር ሰብስቤ እንደገና አስጠሩት። «ቡሌ ላይ አፈራቸውን ለምርመራ የወሰድክላቸው አቶ በቀለ የሚባሉ ገበሬ ደውለዋል። “በዚህ ዕድሜዬ ውዴ ተብያለሁ፤ ሰውዬው መጥቶ ያስረዳኝ” ነው የሚሉት። እሑድ ውጤታቸውን ይዘህ ሂድና ይቅርታ ጠይቅ። መኪና የለም።»

አዛውንቱን «በቀለ አፈር» ብሎ እንደመዘገባቸው ቶሌራ ትዝ አለው። እሳቸውም «በ» ናቸው።

እሑድ ጠዋት ሰው በጫነ አይሱዙ መንገዱ እስከፈቀደ ድረስ ሄደ፤ የቀረውን በእግሩ ወጣው። ክረምት ነው። ጭቃው ጫማውን ይይዘዋል፣ ይለቀዋል፣ መልሶ ይይዘዋል። በእንሰቱ መሃል አቶ በቀለ ደጅ ሲደርስ እስከ ጉልበቱ አፈር ሆኖ ነበር።

አቶ በቀለ መነጽራቸውን አድርገው ስልካቸውን ይዘው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። «እግርህን ታጠብ» አሉትና ወደ ቤት ተጣሩ። «ውሃ አምጪ።»

ውሃውን ይዛ የወጣችው ሳሮን ናት።

ሁለቱም ባሉበት ቀሩ። ከሳፋው ትንሽ ውሃ ፈሰሰ።

«ትተዋወቃላችሁ?» አሉ አባቷ።

«ፎቶ አነሳዋለሁ» አለች ሳሮን። ወደ አባቷ ስልክ አየች፤ ወደ ቶሌራ አየች። «አባዬ ስለ አፈር ሰውዬ ሲያወራ አንተ መሆንህን የት አውቄ።»

አቶ በቀለ ስልኩን ዘረጉለት። «አንብብልኝ።»

ቶሌራ ቆሞ፣ በልጃቸው ፊት፣ ከ«ውዴ» እስከ «እጠብቅሻለሁ» አነበበላቸው።

«ባዶ የሆንከው ያለ እኔ ነው?»

«ማሽኑ ነው አባባ። እኔ እርስዎን አላልኩም።»

«ስለዚህ አትወደኝም።»

«አከብርዎታለሁ።»

አዛውንቱ ነገሩን እንደሚመዝን ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቁልፍ የሚለውስ?»

«የቦርሳው ምሥጢር ቃል ነው። ለማንም አይሰጥም፤ ለሚያስጀምርዎትም ሰው።»

«እሱስ ጥሩ ምክር ነው።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ማሽኑ ለሁሉም ልኳል። አንተ በገዛ እጅህ ብትልክ ለማን ነበር የምትልከው?»

ቶሌራ ለአቶ በቀለ መልስ ሊሰጥ ጀመረና ፊቱ ወደ ሳሮን ዞረ።

«ለማንም አልልክም ነበር፤ ፈሪ ነኝ» አለ። «ለጉርድ ፎቶ የሚያበቃ ጉዳይ ኖሮኝ አያውቅም። መሳቢያዬ በራሴ ፊት ተሞልቷል፤ የምሰጠው መሥሪያ ቤት የለም። የምመጣው “እዚህ እይ” ስትይኝ ለመስማት ነው። ጽሑፉ የኔ አልነበረም። መልስሽ ሲመጣ የተሰማኝ ግን የኔ ነው። ያኔ ወዲያው መንገር ነበረብኝ፤ መልስሽን እንዳትወስጂብኝ ፈራሁ።»

እንሰቱ ላይ ዝናብ መንጠባጠብ ጀመረ። ማንም ወደ ቤት አልገባም።

«ዓይንህን ወደ ሌንሱ ለማዞር ኮምፒውተሩ ላይ ስንቴ ታግያለሁ» አለች ሳሮን በመጨረሻ። «በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ እኔን ነው የምታየው። መልስ የጻፍኩትም ለዚያ ዓይን ነው። ጽሑፉማ ትንሽ አብዝተኸዋል ብዬ ነበር።» ሳፋውን መሬት አስቀምጣ ጨመረች፤ «የተናደድኩት በማሽኑ አይደለም። ሁለት ሳምንት ሙሉ መዝሙር ነው ስልህ ዝም ስላልከኝ ነው።»

«ልክ ነሽ።»

«ሁለተኛ እንዲህ ዝም እንዳትለኝ።»

«አልልም።»

አቶ በቀለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ያላየሁት ነገር ብዙ ነው መሰለኝ። ሽማግሌ ስትልክ በሰው ላክ፤ በስልክ እንዳትልክብኝ። አሁን አፈሬ ምን አለ?»

«አሲዳማ ነው አባባ። ኖራ ይፈልጋል።»

«ይኸው፣ መናገር ትችላለህ» አሉ አዛውንቱ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ሳቁ።

ከሰዓት በኋላ ሳሮንም ለሰኞ ሥራዋ መመለስ ስለነበረባት አብረው ወረዱ። ቁልቁለቱ ላይ ቶሌራ ሁለቴ ወደቀ። ሦስተኛውን ሳይወድቅ እጁን ያዘችውና ጭቃው ካለቀም በኋላ አልለቀቀችውም። አስፋልቱ ጋ ብዙ ቆሙ። የመጣው ሚኒባስ ጢም ብሎ ነበር።

«አንድ ሰው!» አለ ረዳቱ።

«አንቺ ግቢ» አለ ቶሌራ።

«ሌላ እንጠብቃለን» አለችው ሳሮን ረዳቱን።

«ሌላ የለም። የመጨረሻው እኔ ነኝ።»

ሳሮን አንገቷን ወደ ውስጥ አስገብታ አየች። «እስቲ ጠጋ በሉልን» አለች። ሰዉ አጉረመረመ፤ ጠጋ አለ። በአንድ ሰው ቦታ ሁለት ሆነው ተቀመጡ። በሩ የቶሌራን ጎን ተጭኖት ተዘጋ። ቦርሳዋ ጭኑ ላይ ነው፤ ትከሻዋ ደረቱ ላይ። አንድ እግሩ ገና ሳይርቁ ደነዘዘ።

«ተመቸህ?» አለችው።

ትንሽ አሰበ።

«አልተመቸኝም» አለ። «ዲላ ግን ቶሎ ባንደርስ ደስ ይለኛል።»